የአሳንሰር ኢንኮደር ምንድን ነው?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ አሳንሰር ያለው ሕንፃ በበዛ ቁጥር «ኢንኮደሩ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድም አብሮ በዝቷል። እኔ ይህን ፍርድ በቀላሉ አልቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የአገጣጠሙ ነው።

ኢንኮደር በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ አዟዟሩን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በውስጡ ጥቃቅን መስመሮች ያሉበት ዲስክ አለ፤ ሲዞር ብርሃን እያለፈና እየተቋረጠ ምት ይፈጥራል። የተለመደው ዓይነት በአንድ ዙር 1024 ምት ይሰጣል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ከዞረ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል እየለወጠ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ በሰከንድ 25,600 ምት ይቆጥራል ማለት ነው። በዚህም የታዘዘውን ፍጥነት ከእውነተኛው ጋር እያስተያየ ያርማል፤ ካቢኑ ሰው ቢሞላበትም ባዶውን ቢሆንም ሳይንገጫገጭ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ምቱ ኤ እና ቢ በተባሉ ሁለት መስመሮች፣ አንዱ ከሌላው በሩብ ዑደት ዘግይቶ ይመጣል። የትኛው እንደቀደመ አይቶ ኢንቨርተሩ የአዟዟሩን አቅጣጫ ይለያል።

ጊር የሌላቸው የቋሚ ማግኔት ሞተሮች በዝግታ ስለሚዞሩ ይህ አይበቃቸውም። ኢንቨርተሩ ማግኔቱ የት ላይ እንዳለ ገና ሳይነሣ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ብዙዎቹ በአንድ ዙር 2048 ሞገድ የሚሰጥ፣ የዘንጉንም ቦታ የሚናገር ሌላ ዓይነት ኢንኮደር ይይዛሉ። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም።

ሲገጠም በመዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ የመስታወት ዲስክ ካለውም ይሰነጠቃል። አካሉ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው በተለጣጭ ማያያዣ ነው። ድርቅ አድርገው ካሰሩት የዘንጉ ጥቂት መወላገድ ሁሉ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ብሎኑ ከላላ ደግሞ ኢንኮደሩ እየተንሸራተተ ምት ያጎድላል።

ሽቦ ከመነካቱ በፊት ኢንኮደሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ይገባል። የ5 ቮልቱ ላይ 24 ቮልት ከተለቀቀ ነገሩ አበቃ። ኬብሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘና በብረት መረብ የተሸፈነ ይሁን፤ ኤ ከራሱ ተቃራኒ (ያው ምት ተገልብጦ ከሚመጣበት ሽቦ)፣ ቢም ከራሱ ተቃራኒ ጋር ይጣመር። መረቡ የኢንቨርተሩ መመሪያ ባለው ቦታ ግራውንድ ይደረጋል። ቱቦ ለመቆጠብ ብሎ ከሞተሩ የኃይል ኬብል ጋር አንድ ላይ ማሳለፍ ግን በጣም የሚያናድደኝ ቁጠባ ነው። ኢንቨርተሩ ያንን ኬብል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራ ያጠፋዋል፤ ረብሻው በኢንኮደሩ መስመር ላይ ሐሰተኛ ምት ሆኖ ይቆጠራል።

 

የመጀመሪያው ሙከራ በፍተሻ ፍጥነት፣ ማለትም ለጥገና በሚያገለግለው ዝግተኛ ፍጥነት ይደረጋል። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ብዙ ከረንት ከሳበ ኤ እና ቢ ተገላብጠው ሊሆን ይችላል፤ ሽቦውን ወይም የኢንቨርተሩን ቅንብር መገልበጥ ነው። በቋሚ ማግኔት ሞተር ላይ ግን ኢንኮደሩ ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥር የማግኔቱ ማዕዘን እንደገና መለካት አለበት። ይህ ካልተደረገ ብሬኩ ሲለቅ ካቢኑ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊሮጥ ይችላል።