ፊሊስተር፦ ከሶምሶን ታሪክ የወጣ ስድብ

"ፊሊስተር" በኖርዌይኛም በፖላንድኛም ስድብ ነው። ለኪነ ጥበብና ለሐሳብ ደንታ የሌለው፣ ከሆዱና ከኪሱ አልፎ የማያይ ሰው ይባልበታል። በእኛ "ፋራ" ብለን ብንተረጉመው አይሆንም። ፋራ የከተማው ነገር ያልገባው ነው። ፊሊስተር ግን ቤት የሠራ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጎረቤት የሚያከብረው ከተሜ ነው። የሚሰደበውም ስለተደላደለ ነው።

ሁለቱም ቃሉን ያገኙት ከጀርመንኛ ነው። ሥሩን እኛም እናውቀዋለን፤ ፍልስጥኤማዊ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመኗ የና ከተማ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ተጣልተው አንድ ተማሪ ተገደለ ይባላል። ቀብሩ ላይ የሰበኩት ቄስ ደሊላ ለሶምሶን ያለችውን ጠቀሱ፦ "ፍልስጥኤማውያን መጡብህ!" ተማሪዎቹም የከተማውን ሰው በዚሁ ስም ይጠሩት ጀመር።

ምስኪን ፍልስጥኤማውያን! በቁፋሮ የተገኘው ዕቃቸው የሚመሰክረው ሌላ ነው። ሸክላቸው በሁለት ቀለም ያጌጠ ነበር። ከከተሞቻቸው አንዷ በሆነችው በአቃሮን ብቻ ከ100 በላይ የዘይት መጭመቂያ ተገኝቷል።

ኖርዌይኛ ሕዝቡንም ተሰዳቢውንም በአንድ ቃል ይጠራል። ፖላንድኛ ለይቷቸዋል፤ ሕዝቡ "ፊሊስቲን"፣ ስድቡ "ፊሊስተር" ነው። ፖላንዶች የራሳቸው ቃልም አላቸው፤ "ኮውቱን"። ተቋጥሮ አልፈታ ያለ ጠጉር ማለት ነው። ጠባብ አእምሮ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

ስድቡ የጦፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሠዓሊውና ገጣሚው ከነጋዴውና ከሹመኛው ጋር ዓይንና ናጫ በሆኑበት ጊዜ ነው። የሁለቱን አገር አርቲስቶች ያገናኘ አንድ ትዳርም ነበር። ኖርዌያዊቷ ጸሐፊ ዳግኒ ዩልና ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስዋቭ ፕሺቢሼቭስኪ በርሊን ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1893 ተጋቡ። ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ የሁለቱንም ምስል ሥሏል። በ1898 የፖላንዶች ከተማ ክራኮቭ ሲገቡ የከተማው ወጣት አርቲስት ዙሪያቸውን ከበበ። በዚያ ክበብ ውስጥ ከ"ፊሊስተር" የከፋ ስም አልነበረም።

በፖላንድኛ ግን ቃሉ ሌላ መልክም አለው። እንደ አርኮኒያ ባሉ የተማሪ ማኅበራት (አርኮኒያ እ.ኤ.አ. በ1879 በዛሬዋ ላትቪያ፣ ሪጋ ውስጥ የተመሠረተ ነው) ትምህርቱን የጨረሰ ነባር አባል "ፊሊስተር" ይባላል። ማዕረግ ነው። ስለዚህ የማኅበሩን ባለቀለም ሪባን ደረቱ ላይ አስሮ፣ ፊሊስተር ነኝ ብሎ በኩራት ራሱን የሚያስተዋውቅ ሽማግሌ ብታገኙ እንዳትደነግጡ።