ፕሪሴት ምንድን ነው? የሰርግ ዲቪዲን ወደ ስልክ ለሚያሻግር ጀማሪ

አክስቴ ባለፈው ሰሞን በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ዲቪዲዎች ይዛ መጣች። አንዱ ላይ በማርከር «ሰርግ»፣ ሌላው ላይ «መልስ» ተብሎ ተጽፏል። የቤቷ ማጫወቻ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ የልጇ ላፕቶፕ ደግሞ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። «ይቺን ሲዲ ስልኬ ላይ ጫንልኝ» አለችኝ። ዲቪዲም ቢሆን እኛ ቤት ስሙ የሰርግ ሲዲ ነው።

የእሷ ጥያቄ አንድ መስመር ነው። ቪዲዮውን የሚቀይረው ሶፍትዌር መልሶ የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው፦ ኮዴኩ የቱ ይሁን? ቢትሬቱስ ስንት? ፍሬም ሬቱ ቋሚ ነው ተለዋዋጭ? ድምፁ በስንት ቻናል? ብዙ ጀማሪ ፕሮግራሙን ዘግቶ ዲስኩን ወደ መሳቢያው የሚመልሰው እዚህ ጋ ነው። ፕሪሴት የተሠራው ለዚህች ሰዓት ነው።

ፕሪሴት ማለት ነገሩን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አስቦና ሞክሮ በአንድ ስም ያስቀመጠው የምርጫዎች ጥቅል ነው። ካፌ ገብተን «ማኪያቶ» ስንል የቡናውን መጠን፣ የወተቱን ሙቀት፣ የአረፋውን ውፍረት አንዘረዝርም፤ ስሙ ሁሉንም ይዟል። የተለየ ፍላጎት ካለን «ጠቆር ይበል» እንላለን፣ በቃ። ለጀማሪ የሚሆን የቪዲዮ መቀየሪያም እንዲሁ ነው፦ አንድ ስም ትመርጣላችሁ፣ ካስፈለገ አንድ ነገር ትነካላችሁ፣ ቀሪውን ለእሱ ትተዋላችሁ።

ጥቅሉ ምን እንደያዘ ለማየት ዲስኩን መክፈት ይሻላል። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አምጥቼ የአክስቴን ዲስክ ስከፍት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ወጣ። ውስጡ ቪኦቢ የሚባሉ ፋይሎች አሉ፤ አንዱ ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጥ አንዱ ሰርግ አራት አምስት ቦታ ተቆራርጦ ይቀመጣል። ምስሉ የታመቀው ኤምፔግ 2 በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወጣው ዘዴ ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የፓል ሥርዓት ስለነበር ስፋቱ 720 በ576 ፒክስል፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ምስል ነው። ፕሪሴቱ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ስልክ የሚያውቀው ኤምፒ 4 ፋይል ያደርገዋል፤ ምስሉን በኤች 264፣ ድምፁን በኤኤሲ ያምቀዋል።

ከማውቃቸው ሁሉ ይህን በደንብ ያሳየኝ ሃንድብሬክ ነው። ኤሪክ ፔቲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢኦኤስ ለሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ጀመረው፤ ዛሬ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ስሪት 1.0 የወጣው በዲሴምበር 2016 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ውስጡ በርካታ ማስተካከያ አለ፤ ጀማሪው ግን ዲስኩን ከፍቶ፣ ፕሪሴት መርጦ፣ ማስጀመሪያውን ተጭኖ መሄድ ይችላል።

ለእኛ የሰርግ ዲስክ የሚስማማው «ፋስት 576ፒ25» የሚለው ነው፤ 576 የምስሉ ቁመት በፒክስል፣ 25 በሴኮንድ የሚያልፈው ምስል ብዛት ነው። ቀድሞ ተመርጦ የሚመጣውን «ፋስት 1080ፒ30» ብትተዉትም ችግር የለም፤ 1080 ጣሪያ ስለሆነ ትንሹን ምስል በግድ አይለጥጠውም። ስሙ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «576ፒ25» የመሐንዲስ ቋንቋ ነው። አክስቴ የምታውቀው «ለስልክ»፣ «ለቴሌቪዥን»፣ «ለማስቀመጥ» የሚለውን ነው፤ ፕሪሴት የሚጠራው በዚህ መሆን ነበረበት። የጥራት ማስተካከያውም እንዲሁ ያሳስታል፦ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ለዲቪዲ የሚመከረው ከ18 እስከ 22 ነው። «ጠቆር ይበል» የምትሉበት ቦታ ይኸው ነው።

የፕሪሴት ዋጋ የገባኝ ያለ ፕሪሴት ስሠራ ነው። ከዓመታት በፊት ሁሉንም ራሴ እሞላለሁ ብዬ የአንድ ዘመድ ሰርግ ቀየርኩ። ፋይሉ ሲከፈት የሰው ፊት ሁሉ ቀጠን፣ ረዘም ብሏል። የዲቪዲ ፒክስል እኩል ጎን የለውም፤ 720 በ576 ሆኖ የተቀመጠው ምስል ሲታይ ወደ 4 ለ 3 መዘርጋት አለበት፣ እኔ ደግሞ ያን አላዘዝኩም። ከዚያ እስክስታው ጋ ደረስን። የዚያን ጊዜ ካሜራ አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ፣ ጎዶሎ መስመሮቹን ለብቻ፣ ሙሉዎቹን ለብቻ ይቀርጽ ነበር። በመካከላቸው የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ አለ፤ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱ ግማሾች ስለማይገጥሙ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። ሙሽራዋ ትከሻ ላይ ያን ሳይ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። የሃንድብሬክ ፕሪሴት ሁለቱንም ራሱ አይቶ ያስተካክላል፤ ተጠቃሚው ስማቸውን እንኳ ማወቅ የለበትም። ለጀማሪ ቀላል ማድረግ ማለት ለእኔ ይኼ ነው፤ ቁልፍ መደበቁ ብቻውን ቀላል አያደርገውም።

ፕሪሴት የማይወስንላችሁ ነገርም አለ። ቪዲዮ ቤቶች አንዳንዴ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የኬክ ቆረሳውንና የፎቶ ፕሮግራሙን በተለያየ ታይትል፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ለየብቻ በሚቆም ክፍል ያስቀምጣሉ። ሃንድብሬክ አንዱን፣ ዋናውን ብቻ መርጦ ያቀርባል፤ ሌሎቹን ከዝርዝሩ እየመረጣችሁ ወረፋ ላይ መጨመር አለባችሁ። ሱቅ የሚሸጥ ፊልም ደግሞ ብዙ ጊዜ የመቆለፊያ ምስጠራ አለው፤ ሃንድብሬክ ያንን አይፈታም፣ የባለቤቱም መብት አለ። ቤተሰብ ያስቀረጸው ዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።

ከመቀየራችሁ በፊት «ቪዲዮ ቲኤስ» ፎልደሩን እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡት። በቤት የሚቀዳ ዲቪዲ ምስሉን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን ይጎዱታል፤ ኮንቨርት የተደረገው ፋይልም ከጥራቱ የሚያጣው ነገር አለ። ኦርጅናሉ በእጃችሁ ካለ ነገ በተሻለ መንገድ ደግማችሁ ትሠሩታላችሁ። የተቀየረው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ለመላክ ይመቻል፤ ቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ዱባይ ያለችው እህትም ዋሽንግተን ያለው ሚዜም ይደርሳቸዋል።

ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ከማስጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ጭፈራ ያለበትን ቦታ ምረጡ፤ ፊቱ ልክ መሆኑን፣ ትከሻው ላይ መስመር አለመኖሩን፣ ድምፁ ከከንፈር ጋር መሄዱን ስልኩ ላይ እዩ። እኔና አክስቴ የሞከርነው መልሱ ላይ፣ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው ሲነሱ ያለውን ደቂቃ ነበር። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሦስት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ «ሁሉንም አድርገው» አለችኝ።