«ጊዜ አንጻራዊ ነው» ላለኝ ጓደኛዬ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቆኝ የመጣው ጓደኛዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንስታይንኮ ጊዜ አንጻራዊ ነው ብሏል!» ቡናዬ በርዷል። በሱ ብስጭት፣ ሰው ስለ አንስታይን አንጻራዊነት የሚላቸውን እያነሳሁ ይሄን ጻፍኩ።

«ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው።» ውሸት። እ.ኤ.አ. የ1905ቱ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ (ልዩ አንጻራዊነት) የቆመው በማይለወጥ ነገር ላይ ነው። ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቆማችሁም ለኩት እየበረራችሁ ያው ነው። ይሄ እንዲጸና ሲባል ነው ጊዜና ርቀት እንደ ለኪው የሚለያዩት።

«ጊዜ የሚለያየው በሮኬት ለሚሄድ ብቻ ነው።» ኧረ የጮቄ ተራራ ይበቃል! የ1915ቱ አጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ እንደሚለው፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሰዓታችሁ ይፈጥናል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው ጫፉ ላይ ያለ ሰዓት የኛን በዓመት 8 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድመዋል፣ ማለትም የሰከንድ 8 ሚሊዮንኛ። እዚያ ብርድ ላይ በግ የሚጠብቀው ልጅ ቀድሞን ያረጃል ማለት ነው፤ ግን 80 ዓመት እዚያው ቢኖር እንኳ ልዩነቱ የሰከንድ አንድ ሺኛ አይሞላም። አንድ ሰዓት እንዲሞላ 450 ሚሊዮን ዓመት ግድም መጠበቅ ነው።

«ቲዎሪ ብቻ ነው፣ አልተረጋገጠም።» ይቺ ታናድደኛለች። ስልካችሁ ቦታችሁን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው፤ ከሳተላይቶች የሚመጣው ምልክት በመንገድ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ። የሳተላይቶቹ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል፤ ከፍታው 45 ይጨምርለታል፣ ፍጥነቱ 7 ይቀንስበታል። በዚያች ቅንጣት ጊዜ ብርሃን 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ካልታረመ በሦስት ቀን ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያህል ይጠራቀማል።

«ኖቤል የተሸለመው በዚህ ነው።» አይደለም። የ1921ዱ ሽልማት በስም የጠቀሰው ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚያስፈነጥር ያብራራበትን ሥራ ነው።

«ኒውተንን ሽሮታል።» ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ዛሬም የሚያሰሉት በኒውተን ነው። ኒውተን የሚስተው ፍጥነት ወይም ስበት ሲበረታ ነው፤ ለፀሐይ ቅርብ በሆነችው ፕላኔት በሜርኩሪ ምሕዋር ስሕተቱ በ100 ዓመት 43 የማዕዘን ሰከንድ ነው፣ የአንድ ዲግሪ መቶኛ ገደማ፤ እሷን አንስታይን ሞላት።

«የፊዚክስ የመጨረሻ ቃል ነው።» ገና። የ1905ቱን ፊዚክስ አዋቂው ዲራክ በ1928 ከኳንተም፣ ማለትም ከአቶሞች ዓለም ፊዚክስ፣ ጋር አስታርቆታል። የ1915ቱ ግን እስካሁን አልታረቀም፤ ብርሃን እንኳ የማያመልጥበት ጥቁር ጉድጓድ መሐል ሲደርስ ቀመሩ ራሱ ይከሽፋል።

ይሄን ሁሉ ነግሬው ጓደኛዬ ምን አለ? «እሺ በቃ፣ ባጃጅ አጥቼ ነው።»