የጦር ጉዳተኞች ወደ ሥራ የሚመለሱበት መንገድ

አንድ ወታደር ቆስሎ ከሠራዊቱ ሲሰናበት የሚያጣው ጤናውን ብቻ አይደለም። ደመወዙ፣ ማዕረጉ፣ ክፉ ደጉን አብሮት ያየው ጓዱ፣ ማለዳ ከመኝታው የሚያስነሳው ግዳጅ ሁሉ በአንድ የስንብት ወረቀት ያበቃሉ። ፋብሪካ ውስጥ የተጎዳ ሠራተኛ ቢያንስ ሙያውን የሚያውቅ ገበያ አለው፤ የመድፈኛን ሙያ እንዳለ ተቀብሎ የሚቀጥር ሲቪል ድርጅት ግን የለም። በዚህ ምክንያት ለጦር ጉዳተኞች ሥራ ማፈላለግ ከተራው ሠራተኛና ቀጣሪ የማገናኘት ሥራ ተለይቶ፣ ሕክምናን፣ ሥልጠናን፣ የሕግ ከለላንና ከቀጣሪ ጋር የሚደረግ ድርድርን ያጣመረ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኗል። ታሪኩን በአንድ መስመር መከተል ይቻላል፦ ጉዳተኛውን ለብቻው አስቀምጦ ከመጦር፣ ከሌላው ሠራተኛ ጎን አቁሞ ወደ መደገፍ።

ከመጦሪያ ወደ ማሠልጠኛ

ለረጅም ዘመን መንግሥታት ለቆሰሉ ወታደሮቻቸው ያሰቡት መጠለያና ቀለብ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1670 ባወጣው ትእዛዝ ፓሪስ ውስጥ የተሠራው፣ አንቫሊድ የተባለው የጉዳተኛ ወታደሮች መኖሪያ የዚህ አስተሳሰብ ዋና ምሳሌ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም በዚያ ግቢ ውስጥ እንኳ ጫማ የሚሰፋባቸው፣ የግድግዳ ምንጣፍ የሚሠራባቸውና መጻሕፍት በሥዕል የሚጌጡባቸው ክፍሎች ነበሩ። ቀለብ የተቆረጠለት ሰው ሥራም እንደሚፈልግ ገና ያኔ ታውቋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ጉዳዩን ከንጉሥ ችሮታ ወደ መንግሥት ግዴታ አሸጋገረው። የቆሰሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ወጣቶች ስለነበሩ ሁሉንም ዕድሜ ልካቸውን በመጦሪያ ቤት ማኖር የሚታሰብ አልነበረም። በ1914 ማብቂያ፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ወራት ብቻ ሲቆጠሩ፣ የሊዮን ከተማ ከንቲባ ኤድዋር ኤሪዮ ወደ ቀድሞ ሙያቸው መመለስ ለማይችሉ ቁስለኞች የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1915 ደግሞ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የጋዜጣ ባለቤት አርተር ፒርሰን ለዓይነ ስውራን ወታደሮች ሴንት ደንስታን የተባለውን ማዕከል ለንደን ውስጥ መሠረቱ። እዚያ የገቡት ቅርጫት መሥራትና ጫማ መጠገን ብቻ ሳይሆን የስልክ ኦፕሬተርነትን፣ የሕክምና ማሳጅንና የዶሮ እርባታን ይማሩ ነበር። አሜሪካም በ1918 ለቆሰሉ ወታደሮች የሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ሕግ አወጣች።

የሠለጠነ ሰው ግን በር የሚከፍትለት ቀጣሪ ያስፈልገዋል። ብሪታንያ በ1919 የመረጠችው ማግባባትን ነው፦ ከሠራተኞቻቸው 5 በመቶ ያህሉን ከጦር ጉዳተኞች ለመቅጠር ቃል የገቡ ድርጅቶች በንጉሡ ስም በተጠራ የክብር መዝገብ ይሰፍሩ፣ በመንግሥት ጨረታም ቅድሚያ ያገኙ ነበር። ጀርመን ከጦርነቱ ማግስት፣ ፈረንሳይ ደግሞ በ1924 ቀጣሪዎችን በሕግ ወደ ማስገደድ ሄዱ። ብሪታንያ ራሷ ወደ ግዴታ የመጣችው በ1944 ባወጣችው ሕግ ሲሆን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከሠራተኞቹ 3 በመቶው አካል ጉዳተኞች እንዲሆኑ ይጠበቅበት ነበር።

ይኸው ሕግ ሁለት የሥራ ዓይነቶችን ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ከለለ፦ የሊፍት አንቀሳቃሽነትንና የመኪና ማቆሚያ ሠራተኝነትን። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ በዚያ ደመወዝ ልጆቹን ያሳደገ ሰው እንዳለም አልጠራጠርም። ነገር ግን ጓድ የመራ፣ የአውሮፕላን ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው እግሩን ስላጣ ብቻ ሊፍት ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ የወሰነው ማን ነው? ይህ አሠራር የሰውን ችሎታ ሳይጠይቅ በጎደለው አካል ይለካው ነበር። ብሪታንያ የኮታ ሥርዓቱን በ1995 አድልዎን በሚከለክል ሕግ ተክታዋለች፤ አሜሪካም በ1990 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ላይ ከሌሎች ጋር በእኩልነት የመሥራት መብትን ደንግጓል። ኮታ ግን አልጠፋም። ዛሬም ጀርመን 5 በመቶ፣ ፈረንሳይ 6 በመቶ ትጠይቃለች፤ ያላሟላ ቀጣሪ ይከፍላል።

የማይታየው ቁስል

የጦር ጉዳተኛ ሲባል ክራንች የያዘ ወይም ሰው ሠራሽ እግር ያጠለቀ ሰው በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ከውትድርና ጋር ተያይዘው ከተመዘገቡ ጉዳቶች በብዛት ቀዳሚው ግን ዝም የማይል የጆሮ ጩኸት ነው። በፍንዳታ የተናወጠ አንጎል፣ ሌሊቱን የሚያባንን የጦር ሜዳ ትዝታ፣ ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመምም አሉ። ቀጣሪ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ማሠራት እንዳለበት ዓይቶ ይረዳል። ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋውን ሰው ግን "አርፋጅ"፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጠውን ደግሞ "ቁጡ" ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ጉዳቱን መናገር አለመናገሩ ከባድ ውሳኔ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቀጣሪ የሥራ ግብዣ ሳያቀርብ ስለ አካል ጉዳት መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ ሠራተኛው ማስተካከያ እንዲደረግለት ሲፈልግ ግን ጉዳዩን ማንሳት ይኖርበታል። የአማካሪው አንዱ ሥራ ምን፣ መቼና ለማን እንደሚነገር ከሰውየው ጋር ማሰብ ነው።

ሌላው ሥራው ትርጉም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። "የሻለቃ ስንቅና ትጥቅ ኃላፊ" የሚለው ማዕረግ ለአንድ የድርጅት አስተዳዳሪ ምንም አይነግረውም። ሰውየው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ቀለብ፣ ነዳጅና መለዋወጫ በጊዜው ያደርስ፣ ንብረት ይቆጥር፣ ተሽከርካሪ ይመድብ እንደነበር ሲጻፍለት ግን የመጋዘንና የትራንስፖርት ባለሙያ መሆኑ ይታያል። የበለጠ የሚያንገበግበው የጦር ሜዳ አስታማሚው ነው። በተኩስ መካከል ደም ያቆመ ሰው የሲቪል ፈቃድ ስለሌለው ብቻ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ መውጋት ሊከለከል ይችላል። ፈቃዱ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያልተገባው፣ ያወቀውን ቆጥሮለት የጎደለውን ብቻ የሚያስተምር አጭር መንገድ ሳይዘጋጅ ሀ ብሎ እንዲጀምር መገደዱ ነው።

ሥራው ይቅደም

የቆየው ልማድ ጉዳተኛውን አስቀድሞ ማከም፣ ከዚያ ማሠልጠን፣ "ደርሷል" ሲባል ሥራ መፈለግ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ድሬክና ዲቦራ ቤከር ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ያዘጋጁት አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ሰውየው መሥራት እፈልጋለሁ ካለ በራሱ ምርጫ መሠረት መደበኛ ሥራ ቶሎ ይፈለግለታል፤ የሥራ አማካሪው ከሕክምና ቡድኑ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ድጋፉም በቅጥሩ ቀን አይቋረጥም። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ባደረባቸው 541 የቀድሞ ወታደሮች ላይ በ12 ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ይህን አሠራር ከተለመደው የሽግግር ሥራ (ከመደበኛ ቅጥር በፊት ከሚሰጥ ጊዜያዊ ሥራ) ጋር አነጻጽሮታል። በ18 ወራት ውስጥ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ በመደበኛ ሥራ ላይ የቆዩት በአዲሱ አሠራር 38.7 በመቶ፣ በቀድሞው 23.3 በመቶ ሆነዋል። ከአሥሩ ስድስቱ እዚያ አለመድረሳቸውን መደበቅ አይገባም፤ ችግሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እስኪድን ይጠብቅ የሚለው ምክር፣ በቅን ልብ ቢሰጥም፣ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ አስቀርቷል።

ይህ ማለት ዝግጅት አያስፈልግም ማለት አይደለም። አሜሪካ ተሰናባች ወታደሮች የሽግግር ዝግጅታቸውን ከስንብታቸው ቢያንስ 365 ቀናት አስቀድመው እንዲጀምሩ ታዝዛለች። ቁስለኛው ግን የሚሰናበትበትን ቀን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ ዝግጅቱ እርሱ ባለበት፣ በሆስፒታሉ አልጋ ዘንድ፣ መጀመር አለበት።

የጥቅማ ጥቅም ፍርሃትም ሌላው መሰናክል ነው። ብዙ ጉዳተኞች ሥራ ከያዝኩ የጉዳት ካሣዬ ይቋረጣል ብለው ይሰጋሉ። በአሜሪካ መደበኛው የጉዳት ካሣ ደመወዝ በማግኘት አይቀነስም፤ "ቋሚ ሥራ መያዝ አይችልም" ተብሎ ከፍ ያለ ክፍያ የተፈቀደለት ሰው ግን ያንን ተጨማሪ ሊያጣ ይችላል። ስሌቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ፣ ወሬ የሰማው ጉዳተኛ ማመልከቻ እንኳ ሳይጽፍ ይቀራል።

ቀጣሪዎች ደግሞ ወጪ ይፈራሉ። በአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ድጋፍ ለዓመታት የተካሄደው የቀጣሪዎች መጠይቅ ግን ከሚደረጉት ማስተካከያዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ እንደማይጠይቁ ያሳያል። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ እንዲቀመጥ ጠረጴዛውን ማዞር፣ የቃል ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት፣ ጫጫታ ከሚበዛበት ክፍል ማዛወር ገንዘብ አይፈልጉም። የሚፈለገው ሠራተኛውን መጠየቅ ነው።

ከቅጥር በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም በላይ ይዘነጋል። ሰው ሠራሽ እግርን እንውሰድ። ከቆረጣው የተረፈው አካል ቅርጹና መጠኑ ስለሚለዋወጥ የሚገባበት ማቀፊያ በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ ለዚህም ሠራተኛው ወደ ሕክምና ማዕከሉ የሚሄድበት ቀን ያስፈልገዋል። ያ ቀን ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ሕመሙን ችሎ ይቆማል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥራም ይቀራል። ልምድ ያለው አማካሪ ይህን ጉዳይ ከቀጣሪው ጋር የሚነጋገረው ውሉ ሳይፈረም ነው፤ ሥራው ከተጀመረም በኋላ ሠራተኛውንም የቅርብ አለቃውንም ደጋግሞ ይጠይቃል።