ሴሮቶኒን ምንድን ነው?

ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲሉት እንኳ ያናድደዋል። ምሳ የዘለለም ያው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱ አይታይም። ሁለቱንም ሆኜ አውቃለሁ። ሆድና እንቅልፍ ሙዳችንን እንዲህ የሚያዙት ለምንድን ነው ሲባል፣ ሁሌ የሚነሳ አንድ ስም አለ፦ ሴሮቶኒን።

ሴሮቶኒን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያቀብለው በእሱ ነው። ስሜት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ ውስጥ እጁ አለበት። መጀመሪያ የተገኘው ግን ደም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች የደም ሥር እንዲኮማተር የሚያደርገውን ነገር ሲፈልጉ ለይተው አወጡት። አንጎል ውስጥም እንዳለ የታወቀው በ1953 ነው።

ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ ሆዴ ከተደሰተ ጭንቅላቴም ይደሰታል» ይላል። አይደለም። በአንጎል የደም ሥሮች ላይ ጥብቅ አጥር አለ፤ የአንጀቱ ሴሮቶኒን አይሻገረውም። ሙዝ ሴሮቶኒን አለው የሚባለውም እውነት ነው፤ ግን እሱም እዚያው አጥር ላይ ይቀራል። አንጎል የራሱን ራሱ መሥራት አለበት።

አጥሩን የሚያልፈው ጥሬ ዕቃው ነው። ትሪፕቶፋን ይባላል፤ ፕሮቲን ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ሰውነት ስለማይሠራው ከምግብ መምጣት አለበት፤ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከወተት፣ ከባቄላ፣ ከለውዝ። ችግሩ በሩ ላይ ያለው ግፊያ ነው። ሌሎች አሚኖ አሲዶችም የሚገቡት በዚያው በር ነው፤ ትሪፕቶፋን ደግሞ በብዛት ከሁሉም ያንሳል። ዳቦ ወይም ሩዝ ስንበላ ኢንሱሊን ይወጣና ተጋፊዎቹን ወደ ጡንቻ ይወስድለታል። ወረፋው ቀለል ይላል።

ኬክ አሳዳጆች እዚህ ጋ ፈገግ እንደሚሉ ይገባኛል። ግን ምግቡ ውስጥ ትንሽ ፕሮቲን ከገባ ይህ ውጤት ወዲያው ይደበዝዛል፤ ፕሮቲን የሌለበት ምግብ ላይ ብቻ መኖር ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ራሱን ያሳጣል። ስለዚህ ሙድን በአንድ ጉርሻ መግዛት አይቻልም። የሚሠራው አሰልቺው መንገድ ነው፤ በሰዓቱ፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ በየቀኑ።

ሴሮቶኒን ከእንቅልፍ ጋር የሚገናኘው ሲመሽ ነው። አንጎል ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። ሲጨልም ሴሮቶኒንን ወደ ሜላቶኒን ትለውጠዋለች፤ ሜላቶኒን ለሰውነት «መሽቷል» የሚል ምልክት ነው። ብርሃን ካየች ሥራዋን ታዘገያለች። አልጋ ላይ ስልክ ዓይናችን ሥር ደቅነን «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የምንለው እኛ ነን። ቡናም አለ። አሥር ሰዓት ላይ ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ማታ ሦስት ሰዓትም ሰውነታችን ውስጥ ነው።

ያልተኛ አንጎል ደግሞ ነገር ያከብዳል። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ እንቅልፍ የተነፈጉ ሰዎች የሚረብሹ ሥዕሎች ሲያዩ የአንጎላቸው የስጋት ማዕከል ከተኙት በ60 በመቶ በልጦ ነደደ። በዚያ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭ ነው። ማታ የተበላሸው ቀን ላይ ሳህን ውስጥ ይመጣል።

«የደስታ ሆርሞን» የሚለው ቅጽል ግን አይዋጥልኝም። በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን የገመገመ አንድ ሥራ፣ ድብርት የሚመጣው ከሴሮቶኒን ማነስ ነው ለሚለው ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም። አመጋገብ ግን ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ድብርት ባለባቸው 67 ሰዎች ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ2017 በወጣ የ12 ሳምንት ሙከራ፣ አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ ከታገዙት ሲሶ ያህሉ ከድብርቱ ወጥተዋል። የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ግን የወጡት 8 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም መንገዱ በሴሮቶኒን ብቻ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሴሮቶኒን ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እነሱን ከደረበ ሴሮቶኒኑ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፤ ሲብስ ለሕይወትም ያሰጋል።