የጋዳር ሴራ፦ በፌብሩዋሪ 1915 ሳይፈነዳ የከሸፈው የሕንድ ወታደሮች ዐመፅ

የጋዳር ሴራ የሚባለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የሕንድ ወታደሮችን በአንድ ሌሊት አስነስቶ የቅኝ አገዛዙን ለመገልበጥ በምስጢር የተጠነሰሰ ዕቅድ ነው። ቀኑ መጀመሪያ ለፌብሩዋሪ 21 ቀን 1915 ተቆርጦ ነበር፤ ምስጢሩ ሲያፈተልክ ወደ ፌብሩዋሪ 19 ተሳበ። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፌብሩዋሪ 19 በእኛ የካቲት 12 ቀን 1907 ዓ.ም. ላይ ይውላል።) የሴራው ማዕከል ላሆር ነበረች፤ የተፀነሰው ግን ባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። ለመክሸፉ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ክርፓል ሲንግ የተባለ አንድ ሰላይ ነው። ሰላዩ የገባበት በር አስቀድሞ ተከፍቶ ባይጠብቀው ግን ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት ባላደረሰ ነበር።

መነሻው

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የፑንጃብ (ላሆርና አምሪትሳር ያሉበት የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ግዛት) ገበሬዎች ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። አብዛኞቹ የሲክ እምነት ተከታዮች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው በእንግሊዝ ጦር አገልግለው የተሰናበቱ ብዙ ነበሩ። በኦሪገንና በዋሽንግተን እንጨት መሰንጠቂያዎች፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ በእርሻ ላይ በቀን ሥራ ያድሩ ነበር። በ1913 ማኅበር አቋቋሙ። ሶሃን ሲንግ ባክና ሊቀ መንበር፣ ላላ ሃር ዳያል ዋና ጸሐፊ፣ ካንሺ ራም ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ማኅበሩ በኋላ በጋዜጣው ስም ጋዳር፣ ማለትም «ዐመፅ»፣ ተብሎ ቀረ።

የጋዜጣው የመጀመሪያ እትም በኖቬምበር 1 ቀን 1913 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኡርዱ ቋንቋ ወጣ፤ በሚቀጥለው ወር የፑንጃቢው እትም ተከተለ። ማተሚያው በእጅ የሚሠራ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንዱም ያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት የነበረው ካርታር ሲንግ ሳራባ ነው። ጋዜጣው ለዐመፅ ወታደር እንፈልጋለን ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ደመወዙ ሞት፣ ሽልማቱ ሰማዕትነት፣ ጡረታው ነፃነት፣ የሥራው ቦታም ሂንዱስታን (ሕንድ) እንደሆነ በግልጽ አስታውቋል። የሴራው የመጀመሪያ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ይታያል። ምስጢራዊ ዐመፅ የሚያዘጋጅ ድርጅት ዓላማውን በየሳምንቱ እያተመ በፖስታ ይልክ ነበር፤ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችም ከአንባቢዎቹ መካከል ነበሩ።

ወደ አገር ቤት መመለስ

ኮማጋታ ማሩ የተባለችው መርከብ 376 ተሳፋሪዎች ይዛ በሜይ 23 ቀን 1914 ቫንኩቨር ወደብ ደረሰች። ካናዳ አላስገባም አለች፤ መርከቧም በጁላይ 23 ተገድዳ ተመለሰች። በሴፕቴምበር 29 ካልካታ አጠገብ ባጅ ባጅ ስትደርስ ፖሊስና ወታደር ተሳፋሪዎቹ ላይ ተኩሰው 20 ያህል ሰው ሞተ። ይህ ቁጣ ገና ሳይበርድ ጦርነቱ ስለተጀመረ፣ የጋዳር መሪዎች በኦገስት ወር በየከተማው ስብሰባ እየጠሩ «ጊዜው አሁን ነው፤ ወደ አገር እንግባ» አሉ። ሃር ዳያል ግን ቀደም ብሎ በማርች 1914 በአሜሪካ መንግሥት ተይዞ በዋስ ከወጣ በኋላ ወደ አውሮፓ ሸሽቶ ስለነበር፣ ዘመቻውን የመሩት ሌሎች ናቸው።

ኮሪያ የተባለችው መርከብ በኦገስት 29 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። መሣሪያ ወደ አገር ቤት ሲገቡ ይገኛል የሚል ተስፋ ስለነበር፣ ተጓዦቹ ይዘውት የሄዱት ጥቂት ሽጉጥ ነው። መንግሥቱ በሴፕቴምበር 5 ከውጭ የሚመጣን ማንኛውንም ሰው ያለ ክስ እንዲይዝ፣ ወይም ከመንደሩ እንዳይወጣ እንዲያግድ የሚያስችል ድንጋጌ አወጣ። ሊቀ መንበሩ ባክና መርከቡ ካልካታ እንደደረሰ ተያዘ። ቶሳ ማሩ በኦክቶበር 29 ከ170 በላይ ተሳፋሪ ይዛ ስትገባም ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከወደቡ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። በጦርነቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተመለሱት 8,000 ያህል ስደተኞች 400 ያህሉ ታስረዋል፣ 2,500 ያህሉ ደግሞ ከመንደራቸው እንዳይወጡ ታግደዋል። ያመለጡት ተራ ተዋጊዎች ናቸው፤ መሪዎቹ በመንገድ ላይ ቀርተዋል።

ፑንጃብም እንደጠበቁት አልተቀበለቻቸውም። መንደሮቹ በጦር ሠራዊቱ ደመወዝና ጡረታ ይተዳደሩ ነበር፤ የሃይማኖት መሪዎችና ባለ መሬቶች ደግሞ ተመላሾቹን አወገዙ፣ ለመንግሥትም ጠቆሙ። በኖቬምበር መጨረሻ የላሆር 23ኛ ፈረሰኛ ወታደሮች ይመጣሉ ተብለው ቢጠበቁ ሳይመጡ ቀሩ። ፌሮዝፑር ያለውን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሊወርሩ የተነሡት ደግሞ በኖቬምበር 27 ፌሮዝሻህ አጠገብ ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ተበተኑ። ይህ ሁሉ የሆነው የማዕከል አመራር ሳይኖር ነው።

የላሆሩ ማዕከል

ጉድለቱን የሞላው ራሽ ቢሃሪ ቦዝ ነው። ቤንጋላዊው ቦዝ በዴራዱን የደን ምርምር ተቋም በጸሐፊነት እየሠራ፣ በዲሴምበር 23 ቀን 1912 ዴልሂ ውስጥ በእንደራሴው ሎርድ ሃርዲንግ ላይ የተጣለውን ቦምብ ያቀናበረ ሰው ነበር። ከአሜሪካ በተመለሰው ቪሽኑ ጋኔሽ ፒንግሌና በቤናሬሱ ሳቺንድራናት ሳንያል አማካይነት ከጋዳሮቹ ጋር ተገናኝቶ በጃንዋሪ 1915 አምሪትሳር ገባ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ማዕከሉን ወደ ላሆር አዛወረና አራት ቤቶች ተከራዩ። ወንዶች ብቻ የሚገቡበትና የሚወጡበት ቤት ጎረቤት ዐይን ስለሚገባ፣ እርሱ ያረፈበት ቤት የቤተሰብ እንዲመስል አንዲት ሴት እንድትኖርበት ተደረገ።

ሥራው በአብዛኛው ወታደር ማሳመን ነበር። መልእክተኞች ወደ ሚያን ሚር (የላሆር ጦር ሰፈር)፣ ፌሮዝፑር፣ ራዋልፒንዲ፣ አምባላ፣ ሜሩት፣ አግራ፣ ካውንፑር፣ አላሃባድና ቤናሬስ ተላኩ። የመልእክተኛው ተግባር አንድ ዘመድ ወይም የአገሩን ልጅ ጦር ሰፈር ውስጥ መፈለግ፣ በእርሱ በኩል ሁለት ሦስት የበታች ሹም ማግኘት፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚያድር ማጣራት ነው። ጊዜውም ይመች ነበር። ብዙ ነጭ ወታደር ወደ ጦር ግንባር በመላኩ፣ እንደራሴው ሃርዲንግ በኋላ እንደጻፈው፣ ለጥቂት ሳምንታት በመላ ሕንድ የቀረው የእንግሊዝ ወታደር 15,000 ያህል ብቻ ነበር።

ገንዘብና ቦምብ

ሴራውን የበላው ይህ ክፍል ነው። የባቡር ትኬት፣ የቤት ኪራይ፣ የቦምብ ዕቃ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ሕዝቡ አላዋጣ ስላለ፣ ከካሊፎርኒያ የሚጠበቀውም በወቅቱ ስላልደረሰ፣ ቡድኑ ወደ ዘረፋ ገባ። በጃንዋሪ 23 ሳህኔዋል፣ በ27 ማንሱራን፣ በፌብሩዋሪ 2 ደግሞ በአምሪትሳር አውራጃ ቻባ የተባለ መንደር ተዘረፉ። ዒላማዎቹ አራጣ አበዳሪዎች ነበሩ፤ ገበሬው ለእነርሱ አያዝንም የሚል ስሌት ነበር። ስሌቱ ቻባ ላይ ከሸፈ። መንደርተኛው ጮኾ ተሰበሰበ፣ ግጭት ተነሣ፣ ከዘራፊዎቹም አንዱ ተያዘ። ምርመራው ወደ አምሪትሳር ክንፍ አመራ፤ በወሩ አጋማሽ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ የሆነው ሙላ ሲንግ ታሰረ፤ እርሱም ኋላ የመንግሥት ምስክር ሆነ። ከሁሉ የከፋው የአምሪትሳር ፖሊስ ተራ ወንበዴ ሳይሆን የፖለቲካ ድርጅት እያሳደደ መሆኑን መረዳቱ ነው።

ቦምቡ የሚሠራው መጀመሪያ ጃቤዋል፣ ቀጥሎ ሎሃትባዲ በተባለ መንደር ነበር። መያዣው ከገበያ የሚገዛ የናስ የቀለም ብልቃጥ ነው፤ ርካሽና የማያጠራጥር ዕቃ፣ ለእጅ ውርወራም የሚመች። ቦምብ ግን ጠመንጃን አይተካም። ዕቅዱ በሙሉ የተንጠለጠለው ወታደሩ ራሱ ግምጃ ቤቱን ይከፍታል በሚል ተስፋ ላይ ነበር።

የሌሊቱ ዕቅድ

በተቆረጠው ምሽት በሚያን ሚርና በፌሮዝፑር ያሉት ወታደሮች ቀድመው ተነሥተው መኮንኖቻቸውን ይገድላሉ፣ ግምጃ ቤቱን ይይዛሉ፣ ከውጭ የሚጠባበቁትን የጋዳር ሰዎች ያስታጥቃሉ። ሌላው ቡድን የባቡር ሐዲድ ይነቅላል፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ይቆርጣል፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ተዘጋጅቷል። የጦርነት ዐዋጅ ተረቅቋል፣ ባንዲራም ተሰፍቷል። ሌሎቹ ሰፈሮች የላሆርን ወሬ ሰምተው ይከተላሉ። ቤንጋል ግን ሩቅ ነች፣ ቴሌግራፉም ይቆረጣል። ስለዚህ ለካልካታ ሰዎች የተሰጠው ምልክት የባቡር መቅረት ነበር፤ የፑንጃብ ፖስታ ባቡር በማግስቱ ሃውራ ጣቢያ ካልገባ ፑንጃብ ተይዟልና ተነሡ ማለት ነው። በሴራው ውስጥ እንደዚህ የተዋጣ ዘዴ ሌላ የለም፤ መልእክተኛም ወረቀትም አይፈልግም።

ችግሩ ቀኑ ነው። ከፔሻዋር አቅራቢያ እስከ ቤናሬስ የተበተኑ የጦር ሰፈሮች በአንድ ሌሊት እንዲነሡ ቀኑን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ቀኑን የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ ምስጢሩ ይሳሳል። ቀኑን መለወጥ ቢያስፈልግ እንኳ ሁሉም ዘንድ በጊዜ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

አከሻሸፉ

ክርፓል ሲንግ በፖሊስ ተልኮ ወደ ቡድኑ የገባው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። በ23ኛው ፈረሰኛ ውስጥ ዘመድ ነበረው። ቡድኑ ወታደር የሚመለምለው በዝምድና ስለነበር፣ ሰላዩንም ያመነው በዚያው መለኪያ ነው። ፌብሩዋሪ 21 የሚለውን ቀን ለአምሪትሳር ፖሊስ አሳወቀ። ብዙ ሳይቆይ ወደ ሚያን ሚር ተልኮ ሳለ ላሆር ባቡር ጣቢያ ሲንጎራደድ ታየና ቦዝ ጠረጠረው። ቀኑም ወደ 19 ተሳበ። ሰውየውን ከዐይናቸው እንዳይጠፋ ቢያደርጉትም አልገደሉትም፣ ከቤቱም አላራቁትም። ከጦር ሰፈር የተመለሰ አንድ መልእክተኛ አዲሱን ቀን እርሱ ባለበት አነሣው።

በ19 ቀን ፖሊስ ቤቶቹን ወረረ፤ ሰዎች ከሽጉጥ፣ ከቦምብ፣ ከቦምብ መሥሪያ ዕቃና ከባንዲራዎች ጋር ተያዙ። በየጦር ሰፈሩ ዘበኛ ተጨመረ፣ የሚጠረጠሩ ወታደሮች ትጥቃቸውን ፈቱ። ካርታር ሲንግ በዚያ ምሽት 60 ያህል ሰው ይዞ ፌሮዝፑር ነበር። ቡድኑ ሃርሞኒየም ተሸክሞ መዝሙር የሚዘምር የሃይማኖት ጉባኤ መስሎ ነበር የሄደው። የ26ኛው ፑንጃቢ ወታደሮች ግን በጥርጣሬ ስለተያዙ ሰፈሩን የሚከፍትለት አላገኘም፤ ቡድኑም በጨለማ ተበተነ። ሌሎቹ ሰፈሮች አንዱም አልተነሣም።

ከአራት ቀን በፊት፣ በፌብሩዋሪ 15፣ ሲንጋፖር ላይ 5ኛው ቀላል እግረኛ ተነሥቶ ነበር። የጋዳር ቅስቀሳ እዚያም ደርሷል፤ ሙስሊሞቹን ወታደሮች ይበልጥ ያስቆጣው ግን ሙስሊም ከሆነችው ከቱርክ ጋር ሊዋጉ ነው የሚለው ወሬ ነበር። 47 ወታደሮች በአደባባይ ተረሽነዋል።

ከዚያ በኋላ

ካርታር ሲንግ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ አፍጋኒስታን ድንበር ካመራ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰና በማርች 2 በሳርጎዳ አውራጃ በሚገኝ የጦሩ ፈረስ ማርቢያ ውስጥ ወታደር ሲያሳምን ተያዘ። ፒንግሌ በማርች 23 ሜሩት በ12ኛው ፈረሰኛ ሰፈር ውስጥ 10 ቦምቦች ከያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ጋር ተገኘ። ይህ 12ኛ ፈረሰኛ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ ከዘመቱት የሕንድ ክፍለ ጦሮች አንዱ ነው፤ «አቢሲኒያ» የሚለውንም ስም ከክብር ስሞቹ እንደ አንዱ ይዞት ይኖር ነበር። ቦዝ ግን አመለጠ። በሜይ 12 የገጣሚው ታጎር ዘመድ ነኝ ብሎ፣ ፒ. ኤን. ታጎር በሚል ስም ከካልካታ በመርከብ ወደ ጃፓን ሄደ፤ እዚያው አግብቶ በ1945 አረፈ።

ልዩ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 26 ቀን 1915 ላሆር ውስጥ ተቀመጠ፤ በማርች በወጣው የሕንድ መከላከያ ሕግ መሠረት ይግባኝ የለም። በሴፕቴምበር 13 ለ24 ሰዎች ሞት ተፈረደ፤ 17ቱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተቀየረላቸው፤ ካርታር ሲንግና ፒንግሌን ጨምሮ 7ቱ በኖቬምበር 16 ተሰቀሉ። ካርታር ሲንግ 19 ዓመቱ ነበር። ተከታዮቹን ችሎቶች ጨምሮ ለፍርድ ከቀረቡት 291 ሰዎች 42ቱ በሞት ተቀጡ፣ 114ቱ ዕድሜ ልክ ተጋዙ፣ 93ቱ የተለያየ እስራት ተፈረደባቸው፣ 42ቱ ተለቀቁ። የ23ኛው ፈረሰኛ ጉዳይ የወጣው ዘግይቶ ነው። ክፍለ ጦሩ ሲዛወር በሜይ ወር ሃርፓልፑር ጣቢያ ላይ ከአንድ ወታደር ጓዝ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፤ ከምርመራው በኋላ 12 ወታደሮች በሞት ተቀጡ።

መሣሪያውም የተንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ የነበሩት ጀርመኖች በአሜሪካ ያስገዙት ከ8,000 በላይ ጠመንጃና 4 ሚሊዮን ያህል ጥይት አኒ ላርሰን በተባለች መርከብ ተጭኖ ከሳን ዲዬጎ የወጣው በማርች 1915 ነው። ማቬሪክ ከተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ሜክሲኮ ፊት ለፊት ባለችው ሶኮሮ ደሴት ሊገናኙ ተቀጣጥረው ተላለፉ፤ በጁን መጨረሻም የአሜሪካ መንግሥት ጭነቱን ሆኪያም ወደብ ላይ ወረሰው። መሣሪያውን ሲጠባበቅ የነበረው የቤንጋሉ መሪ ጃቲን ሙከርጂ በሴፕቴምበር ባላሶር ላይ ከፖሊስ ጋር ተታኩሶ በቁስሉ ሞተ።

የጦርነት ጊዜው ሕግ ከጦርነቱ በኋላም እንዲቀጥል በማርች 1919 የራውላት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ነው በኤፕሪል 13 ቀን 1919 አምሪትሳር ውስጥ ወደ ጃሊያንዋላ ባግ ጭፍጨፋ ያመራው። ጋዳሮችን ያደነው የፑንጃብ ገዢ ማይክል ኦድዋየር በዚያን ጊዜም ሥልጣን ላይ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በማርች 13 ቀን 1940፣ ለንደን ላይ በአንድ ስብሰባ ኦድዋየርን ተኩሶ የገደለው ኡድሃም ሲንግ፣ በ1920ዎቹ አሜሪካ ሳለ ከጋዳር ሰዎች ጋር የሠራ ሰው ነው።