ሬዲዮው ጠፍቶ ባትሪው ለምን ይወርዳል?

ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ካሉ ጠጋኞች አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «በዜነር ዳዮድ 5 ቮልት አወጣሁ፤ ሬዲዮውን ባጠፋውም ባትሪው ይወርዳል። ዜነሩ ተበላሽቶ ይሆን?» አልተበላሸም። የሻንት ሬጉሌተር ጠባዩ ነው፤ ማለትም ከባትሪው የሚመጣው ከረንት በሬዚስተር አልፎ፣ ከሬዲዮው ጎን ለጎን የተገናኘው ዜነር ቮልቴጁን በልኩ የሚይዝበት አሠራር ነው።

ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት የሚወስነው ሬዲዮው ሳይሆን ሬዚስተሩ ነው። 12 ቮልት ባትሪ፣ 5.1 ቮልት ዜነርና 100 ኦም ሬዚስተር እንያዝ። ሬዚስተሩ ላይ 6.9 ቮልት ይቀራል። ለ100 ሲካፈል 69 ሚሊአምፒር ይመጣል። ሬዲዮው 40 ቢወስድ፣ 29ኙ በዜነሩ ያልፋል። ሬዲዮውን ስታጠፉት 69ኙም ወደ ዜነሩ ይዞራል። ለባትሪው ምንም አልተለወጠም። ዜነሩ ግን ከ0.15 ዋት ወደ 0.35 ዋት ይወጣል፤ የሚግለው ሥራ ሲፈታ ነው! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሎዱን (ሬዲዮውን) ሰክቶ ይለካና «ደህና ነው» ይላል።

ሬዲዮው ከ69 በላይ ከፈለገስ? ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ዜነሩ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ አይሆንም።

እስከዚህ ያለው ቁርጥ ነው። ቁጥሩ ግን እንደ ባትሪው ይለያያል። በሶላር ሲሞላ 14.4 ቮልት ከደረሰ፣ ከረንቱ 93 ሚሊአምፒር ይሆናል። ሬዲዮው ከጠፋ ዜነሩ ወደ ግማሽ ዋት ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 1 ዋት ዜነር፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ግዙ። ማብሪያ ማጥፊያውንም ከሬዲዮው በፊት ሳይሆን ከሬዚስተሩ በፊት፣ ባትሪው በኩል አድርጉት።